እንጀራ እየጋገረች የምታየው ተመልካች መምረጥ ትችላለች

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በየቴሌግራም ግሩፑ ሲዘዋወር ከረመ። ለእኔም ከተለያየ ሰው ደረሰኝ፤ አንዳንዱ “እውነቱን ነው” ብሎ፣ አንዳንዱ ተናዶ። ጽሑፉ የሚናገረው ተመልካች የዓመቱን ምርጥ የቴሌቪዥን ድራማና ምርጥ ተዋናይ በድምፁ ስለሚመርጥባቸው ሽልማቶች ነው። የጸሐፊው አቋም ቁርጥ ያለ ነው። ይቅሩ ነው የሚሉት። ምርጫው ለባለሙያ ዳኞች ብቻ ይሰጥ፤ ተመልካች ይይ እንጂ አይፍረድ።

ጽሑፉ ስድብ የለበትም። ታስቦበት የተጻፈ ነው። ስለዚህ በወጉ መልስ ይገባዋል። አስቀድሜ የሚሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ።

በድምፅ የሚያሸንፈው ጥሩው ሳይሆን ታዋቂው ነው ይላሉ። በማኅበራዊ ሚዲያ ብዙ ተከታይ ያለው ተዋናይ ውድድሩ ሳይጀመር አሸንፏል። ድምፁም ይገዛል፤ ካርድ የሞላ ደጋፊ አንድን ስም ደጋግሞ ይልካል፣ አዘጋጁም ከየመልእክቱ ስለሚያገኝ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ከዚያ ወደ ተመልካቹ ይመጣሉ። ከኮዬ ፈጬ እስከ ለገጣፎ፣ በከተማው ዳር ዳር ያለው ሰው ድራማ የሚያየው እንጀራ እየጋገረና ልጅ እያስተኛ ነው፤ የትወና ጥበብ አይገባውም፣ የሚገባው ጩኸትና እንባ ነው ይላሉ። አራተኛው ነጥብ ደራሲዎች ድምፅ ፍለጋ ሥራቸውን ያበላሻሉ የሚል ነው። አምስተኛው ደግሞ የሠለጠነው ዓለም ይህን ጉዳይ ለባለሙያ ትቶታል፣ ሕዝብ ይምረጥ የምንለው እኛ ነን የሚል ነው።

እኔ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ትቼ ከሦስተኛው ልጀምር።

ከብሎካችን ሥር አንዲት ፀጉር ቤት አለች። መብራት ካልጠፋ በቀር ቴሌቪዥኗ አይዘጋም። በቀደም አንድ ድራማ ላይ የለቅሶ ቤት ትዕይንት መጣ። አባቷ የሞተባት ልጅ ታለቅሳለች፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ ካሜራው እንባዋ ላይ ይጠጋል። ጸሐፊው እንደሚሉት ቢሆን ቤቱ በሙሉ አብሮ ማልቀስ ነበረበት። ካስክ ውስጥ የተቀመጡ አንዲት እናት ግን ቀና ብለው አዩና “ኧረ ይቺ ልጅ ለቅሶ ቤት ደርሳም አታውቅ” አሉ። “አባቷ ሞቶ ነጠላዋን እንዲህ ትለብሳለች? ጥለቱ ወደ ላይ አንገቷ ላይ አይሆንም እንዴ?” ፀጉር ሠሪዋ ቀበል አድርጋ “እሱስ ይቅር እማዬ፣ ሹሩባዋን አላዩትም? በሩን ስታንኳኳ ሌላ ነበር፣ ገብታ ስትቀመጥ ሌላ ሆነ” አለች። ሌሎቹ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ያንን ትዕይንት ማንም አላመነውም።

ይህ ምንድን ነው? የመጀመሪያው የአልባሳት ሂስ ነው። ሁለተኛው በሁለት ቀረጻዎች መካከል ያለ ስህተት ነው፤ ፊልም ሠሪዎች ኮንቲኒዩቲ የሚሉት፣ ራሱን የቻለ ባለሙያ የሚመደብለት ሥራ። ሁለቱም ሴቶች የፊልም ትምህርት ቤት አልገቡም። ግን አንዷ ብዙ ለቅሶ ደርሳለች፣ ሌላዋ ፀጉር ትሠራለች። ድራማ የሰው ኑሮ ነኝ እስካለ ድረስ ኑሮውን የሚያውቀው ሰው ውሸቱን ቶሎ ይይዘዋል።

የእኛ ሰፈር ሰው የድሃ ቤት ሲያይ መጀመሪያ የሚፈልገው ጀሪካን ነው። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰው በረንዳ ላይም፣ ሽንት ቤት በር ላይም ቢጫ ጀሪካን ይደረድራል። ድራማው ውስጥ ቤተሰቡ የሚበላው አጥቷል፣ ቤቱ ውስጥ ግን አንድ ጀሪካን የለም። ባልየው አምሽቶ ሲመጣ በየትኛው ትራንስፖርት እንደመጣ አይታወቅም። ማታ ከመገናኛ ወይም ከቃሊቲ ወደ ዳር ለመግባት ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ይህን ልብ ይላል። ዳኛው መኪና ይዞ የሚሄድ ከሆነ ላያስተውለው ይችላል። ለማንም ንቀት የለኝም፤ ሰው ሁሉ የሚያየው ከቆመበት ነው። ለዚህም ነው ምርጫው የአንድ ወገን ብቻ መሆን የለበትም የምለው።

ጩኸትና እንባ ብቻ ነው የሚገባው የተባለውም ማስረጃ የለውም። በፋና ቴሌቪዥን ይተላለፍ የነበረው ‹ምን ልታዘዝ› አብዛኛው ታሪኩ አንድ ካፌ ውስጥ የሚያልቅ ነበር። ጉልበቱ በንግግሩ ነው፤ የአገሩን ፖለቲካ በካፌው ሠራተኞችና በባለቤቱ አስመስሎ በሽሙጥ ይነግረን ነበር። ሽሙጥ ደግሞ ጆሮ የሚፈልግ ነገር ነው። ሰው ገብቶታል፣ በማግስቱም ታክሲ ውስጥ ሲያወራው ይውል ነበር። በአርትስ ቴሌቪዥን የመጣው ‹እረኛዬ›ም አለ። ታሪኩ የገጠር ነው፣ የመሬት ነው፤ ባለ ቪላ ቤት፣ ባለ ውድ መኪና የሚታይበት አይደለም። ያም ሆኖ እማማ ጨቤ የሚለው ስም በየሰፈሩ የቤተሰብ ስም እስኪመስል ድረስ ተለመደ። ተመልካቹ ጩኸት ብቻ የሚወድ ቢሆን ይህ ከየት መጣ?

ጸሐፊው የዘነጉት ሌላም ጉዳይ አለ፤ ለእኔ ዋናው ይኼ ነው። ተከታታይ ድራማ እንደ ፊልም በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ አይደለም። ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይሄዳል። በአሜሪካው የኤሚ ሽልማት አንድ ተዋናይ ለዳኞች የሚያቀርበው በዚያ ዓመት ከሠራው ውስጥ አንዱን ክፍል መርጦ ነው። ይህ የዳኞቹ ጥፋት አይደለም፤ ሁሉንም ይዩ ቢባሉ ሥራቸውን ትተው ቴሌቪዥን ፊት መቀመጥ ነው የሚኖርባቸው። ግን ውጤቱን አስቡት። ዳኛው የሚያየው የተዋናዩን ምርጥ ቀን ነው። እንጀራ እየጋገረች የምታየው ሴት ግን ከመጀመሪያው ሳምንት እስከ መጨረሻው አብራው ነበረች። መሐል ላይ ሲሰለች አይታዋለች፣ ገጸ ባህሪውን ጥሎ ራሱን ሲሆን አይታዋለች፣ ተመልሶ ሲይዘውም አይታለች። ስለ አንድ ዓመት ሥራ የተሟላ ምስክር ማን ነው? እጇ ምጣድ ላይ ስለሆነ ዓይኗ አይሠራም ማለት አይቻልም። ጆሮዋማ የበለጠ ይሠራል፤ ምስሉን ትታ ድምፁን ብቻ የምትሰማ ሰው የቃላት ልውውጡ የት ጋ እንደሚንገዳገድ ከማንም ቀድማ ትሰማለች።

ደግሞስ የከተማው ዳር ሰው ሽልማቱን አበላሸ ሲባል፣ ለመሆኑ ድምፅ መስጠት ችሏል ወይ? ድሮ ድምፅ የሚሰጠው በአጭር ቁጥር በሚላክ መልእክት ነበር። አሁን ብዙው ወደ ሊንክ ሄዷል። አንዲት ጎረቤቴ ያላት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። የምትወደው ድራማ አንድም ክፍል አያመልጣትም። የምትመርጠውን ተዋናይ ስም ትነግርሃለች፣ ለምን እንደመረጠችውም ታስረዳሃለች። ሊንክ የሚከፍት ስልክ ግን የላትም። ስማርት ስልክ ያለውም ቢሆን መብራት በጠፋ ማታ ኔትወርኩ አብሮ ይጠፋበታል። ስለዚህ ውጤቱ ካስከፋን ወቀሳው ወደ እኛ ዳር መምጣት የለበትም። በድምፅ ቆጠራው ውስጥ ከሁሉም ያነስነው እኛ ሳንሆን አንቀርም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልመለስ። ታዋቂነት ድምፅ ያመጣል የሚለው እውነት ነው። ተዋናዩ ገጹ ላይ “ምረጡኝ” ብሎ ሲለጥፍ ድራማውን ያላየ ሰው ሁሉ ገብቶ ይመርጠዋል። ይህ ያበሳጫል። ጸሐፊው ያላነሱትን እኔ ልጨምርላቸው፤ የጣቢያው ተደራሽነትም ራሱን የቻለ አድልዎ ነው። የእኛ ብሎክ ጣራ ላይ ያለው ዲሽ ሁሉ አንድ አቅጣጫ አይመለከትም። ድራማው ያለበት ጣቢያ የአንተ ዲሽ ላይ ከሌለ፣ ወይ የዲሽ ሠራተኛ ጠርተህ ታስተካክላለህ፣ ወይ ድራማውን ሳታውቀው ዓመቱ ያልቃል። በአነስተኛ ጣቢያ የሚተላለፍ ጥሩ ሥራ በድምፅ ውድድር ይጎዳል። ይህን እቀበላለሁ።

ግን ታዋቂነት ከየት እንደሚመጣ እንይ። ብዙ ጊዜ ድራማው ራሱ ነው የሚያመጣው። የሰፈሬ ሰው ብዙዎቹን ተዋንያን የሚጠራው በገጸ ባህሪያቸው ስም ነው፤ ትክክለኛ ስማቸውን አያውቅም፣ ገጻቸውንም አይከተልም። እንዲህ ያለው ሰው ሲመርጥ የመረጠው ሥራውን ነው። ባለሙያ ብቻ ቢመርጥ ጥሩው ይለያል የሚለውም ቢሆን ዋስትና የለውም። ኤሚን የሚመርጡት በቴሌቪዥን ሥራ ውስጥ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ሽልማቱም ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። ‹ቤተር ኮል ሶል› የተባለው ተከታታይ ድራማ ከ2015 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ሲተላለፍ 53 ጊዜ ለኤሚ ታጨ። አንድም አላገኘም። ዛሬ ከታላላቆቹ ተርታ የሚጠራው ‹ዘ ዋየር› በአምስት ምዕራፉ የታጨው ሁለቴ ብቻ ነው፤ እሱም ባዶ እጁን ነው የቀረው። ይህን ያደረገው እንጀራ ጋጋሪ ተመልካች አይደለም።

ድምፅ ይገዛል ወደሚለው ልለፍ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ትክክል ናቸው፣ አልከራከርም። አንድ ሰው ካርድ እየሞላ አንድን ስም ደጋግሞ መላክ ከቻለ የተቆጠረው ድምፅ ሳይሆን ብር ነው። ከተራው መልእክት በላይ እየተቆረጠበት የሚላክ ከሆነ ደግሞ አዘጋጁ ሰው ደጋግሞ እንዲልክ ነው የሚፈልገው። ይህ መቆም አለበት።

ችግሩ የእኛም ብቻ፣ የዛሬም ብቻ አይደለም። በ1957 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቤዝቦል ለምርጦቹ ግጥሚያ የሚሰለፉትን ደጋፊ ይመርጥ ነበር። የሲንሲናቲ ከተማ ጋዜጣ ስሞቹ ቀድመው የተሞሉበት የምርጫ ወረቀት አትሞ አደለ። ከስምንቱ የሜዳ ቦታዎች ሰባቱን የሲንሲናቲ ተጫዋቾች ያዙ። የሊጉ የበላይ ኃላፊ ሁለቱን አስወጥቶ ከሌሎች ቡድኖች ዊሊ ሜይስንና ሃንክ አሮንን አስገባ፤ የመምረጥ መብቱንም ከደጋፊ ነጠቀ። ልክ ጸሐፊው ዛሬ እንደሚጠይቁት ማለት ነው። በ1970 ግን መብቱ ለደጋፊው ተመለሰ። በቴሌቪዥኑ በኩል ደግሞ ሌላ መንገድ ነበር። የአሜሪካው ፒፕልስ ቾይስ ሽልማት በ1975 ሲጀመር በር ከፍቶ የፈለገ ሁሉ ይላክ አላለም። ጋሎፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት መለኪያ ድርጅት ናሙና ወስዶ ሰዉን ይጠይቅ ነበር። በ2005 ነው ወደ ኢንተርኔት ድምፅ የዞረው። ተመልካቹን ሳያባርሩ ማጭበርበርን መከላከል እንደሚቻል ይህ አንዱ ማሳያ ነው። አንድ ስልክ ቁጥር አንድ ድምፅ ማለትም ከባድ ነገር አይደለም፤ ቁጥሩ ሁለተኛ ሲመጣ አለመቁጠር ነው።

ዳኛስ አይገዛም? በአሜሪካ የፊልምና የቴሌቪዥን ሥራ የሚሸለምበትን የወርቃማው ግሎብ ሽልማት ይሰጥ የነበረው የጋዜጠኞች ማኅበር 87 አባላት ነበሩት። ሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጣ በ2021 እ.ኤ.አ. ጉዱን አወጣው። ከ87ቱ አንድም ጥቁር ጋዜጠኛ አልነበረም። ከ30 በላይ የሚሆኑት በ2019 ‹ኤሚሊ ኢን ፓሪስ› የተባለው ተከታታይ ድራማ ወደሚቀረጽበት ፓሪስ ተወስደው በውድ ሆቴል ተስተናግደው ነበር። ድራማው ኋላ ላይ ለምርጥ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ታጨ። ነገሩ ከተገለጠ በኋላ ሽልማቱን ያስተላልፍ የነበረው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኤንቢሲ የ2022ን ሥነ ሥርዓት አላስተላልፍም አለ። 87 ሰው እንዲህ ከሆነ፣ ሁሉም በሚተዋወቅበት በእኛ የጥበብ ሰፈር ሰባት ዳኛ ተቀምጦ ስልኩ የማይጮኽ ይመስላቸዋል? ለአንድ ዳኛ እራት መጋበዝ ለከተማ ሙሉ ሕዝብ ካርድ ከመግዛት ይረክሳል።

ደራሲዎች ድምፅ ፍለጋ ይበላሻሉ የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። ሽልማቱ በዓመት አንዴ ነው። ማስታወቂያው ግን በየሳምንቱ ነው። ድራማ መሐል ላይ ታሪኩ ቆሞ ገጸ ባህሪያቱ የአንድ ድርጅትን ምርት ሲያሞግሱ የምናየው ድምፅ ሰጪ ስላዘዘ አይደለም። ማለቅ የነበረበት ታሪክ የሚለጠጠውም ስፖንሰሩ ስላላለቀ ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. በአማርኛ የተመለሱ የውጭ ድራማዎችን ይዞ ሲመጣ ብዙ የጥበብ ሰዎች ተመልካቹ ጠፋ፣ ተበላሸ ብለው ነበር። ተመልካቹ የት ሄደ? ጥሩ የአገር ውስጥ ሥራ ሲመጣ ተመልሶ አየ። ከላይ የጠቀስኩት ‹እረኛዬ› የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የሠለጠነው ዓለም ለባለሙያ ትቶታል የሚለው ግን በቀላሉ ሊጣራ የሚችል ስህተት ነው። ፒፕልስ ቾይስን ጠቅሻለሁ። በእንግሊዝ ናሽናል ቴሌቪዥን አዋርድስ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተመልካች ድምፅ ይሰጣል። በአፍሪካም የአፍሪካ ማጂክ የተመልካቾች ምርጫ ሽልማት በ2013 እ.ኤ.አ. በሌጎስ ተጀምሯል፤ ምድቦቹን ከፍሎ አንዳንዱን ለተመልካች፣ አንዳንዱን ለዳኞች ይሰጣል። እኛም ጋ ቢሆን በሸገር 102.1 የሚተላለፈው ለዛ የሬዲዮ ፕሮግራም ሙዚቃን፣ ፊልምንና የቴሌቪዥን ድራማን በአድማጭ ምርጫ ሲሸልም ቆይቷል። ይህን ሁሉ ኋላ ቀርነት ማለት ይከብዳል።

ይልቅ ከውጭ መማር ካለብን ክፍፍሉን ነው። ለድምፅ ቀረጻ፣ ለመብራት፣ ለኤዲቲንግ የሚሰጠውን ሽልማት ባለሙያ ይምረጥ። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን። ጥሩ ኤዲቲንግ የማይታወቅ ኤዲቲንግ ነው፤ ያላየኸውን ነገር ምረጥ ስትባል ትቸገራለህ። ምርጥ ተከታታይ ድራማና ምርጥ ተዋናይ ላይ ግን ተመልካቹ ሊኖርበት ይገባል፣ ቢያንስ በግማሹ።

ግማሽ ስል ደግሞ ዝም ብሎ መደመር ብቻ በቂ አይደለም። የአውሮፓው የዘፈን ውድድር ዩሮቪዥን በስልክ ድምፅ ብቻ ሲሄድ ጎረቤት አገር ለጎረቤት አገር እየመረጠ ነው የሚል ቅሬታ በዛበት። በ2009 እ.ኤ.አ. በፍጻሜው ላይ ዳኞችን በግማሽ መለሰ። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ የዳኞችንና የተመልካቾችን ውጤት ለየብቻ ያነባል። በዚያው በ2016 ዳኞቹ አንደኛ ያደረጉት አውስትራሊያን ነበር፣ ተመልካቾቹ ሩሲያን። ሲደመር ያሸነፈችው ዩክሬን ሆነች፤ በሁለቱም ዘንድ ሁለተኛ ነበረች። ማን ምን እንደመረጠ ግን ሁሉም አየ።

እኛ ጋ አሸናፊው ይጠራል፣ ይጨበጨባል፣ ስንት ድምፅ እንዳገኘ ሳይነገር ይወርዳል። ጸሐፊው ያን ሁሉ ጥርጣሬ የጻፉትም ቁጥሩ ስላልታየ ይመስለኛል። የሚቀጥለው ዓመት አዘጋጅ የዳኞቹን ዝርዝርና የተመልካቹን ዝርዝር ከነድምፁ ብዛት ጎን ለጎን ያውጣው። ያን ጊዜ እኔና ጸሐፊው “ሕዝብ” እና “ባለሙያ” እያልን መከራከራችንን ትተን፣ በየትኛው ድራማና በየትኛዋ ተዋናይት እንደማንስማማ በስም መነጋገር እንችላለን።